ፓስወርድ ሳትጽፉ ስማችሁን የሚናገር ስክሪን

ላፕቶፑ ሲበራ ገና ፓስወርድ ሳይጠይቅ ፎቶና ሙሉ ስም ይወጣል፤ አንዳንዱ ላይ ኢሜይልም ከስር ይከተላል። ከተጂ፣ ከሰበታ ወይም ከቡራዩ አዲስ አበባ እየተመላለሰ የሚሠራ ሰው ይህን ስክሪን በቀን ለስንት ሰው እንደሚያሳይ ያስብ። ሚኒባስ ውስጥ ጭኑ ላይ ይከፍተዋል፣ በር ላይ ጥበቃው «አብራው እስቲ» ይለዋል፣ ሲበላሽ ጥገና ቤት ሦስት ቀን ያድራል።

ሌላ አገር ስም ስም ነው። እኛ ጋ ግን በአባትና በአያት ስም ብሔር ይገመታል፣ ሃይማኖት ይገመታል። ግምቱ ስህተት ቢሆን እንኳ ገማቹ እንደ እውነት ይይዘዋል። በብዙ ቦታ የቀበሌ መታወቂያ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የሚተዳደረው ፋይዳ ግን ብሔር አይመዘግብም፤ ደግ አደረገ። ከመታወቂያ ላይ የወጣውን ፍንጭ እኛው ላፕቶፕ ላይ መለጠፋችን ነው የሚገርመኝ።

ፎቶና ስም አንድ ላይ ሲዞሩ ምን ሊመጣ እንደሚችል አይተናል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ከመገደላቸው በፊት ስማቸውና ፎቷቸው ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ሲዘዋወር ነበር። ልጃቸው ሜታን ኬንያ ፍርድ ቤት ከሷል። የላፕቶፕ ስክሪን ፌስቡክ አይደለም፣ ማጋነን አልፈልግም። ግን አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው በስልኩ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ለማድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ዊንዶውስ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው። ሴቲንግስ፣ አካውንትስ፣ ከዚያ ሳይን-ኢን ኦፕሽንስ ገብታችሁ ኢሜይል የሚያሳየውን አጥፉት። ፎቶውን እዚያው አካውንትስ ውስጥ በአበባ፣ በተራራ፣ በፈለጋችሁት ተኩት። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን አሮጌው ፎቶ አብሮ እንደማይጠፋ ነው፤ አፕዳታ ውስጥ «አካውንት ፒክቸርስ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀራል። ገብታችሁ በእጃችሁ አጥፉት። በተለይ የልጃችሁን ፎቶ አድርጋችሁ የነበራችሁ! ስሙን ራሱ መደበቅ የፈለገ ፕሮፌሽናል በሚባለው ዊንዶውስ የሴኩሪቲ ፖሊሲ ውስጥ የመጨረሻውን ተጠቃሚ እንዳያሳይ ማዘዝ ይችላል። አለዚያ አካውንቱን በቅጽል ስም መሰየም ይበቃል።

«የሚደብቀው ነገር ያለው ነው የሚጨነቀው» የሚሉ አሉ። እነሱም ቢሆኑ የቤታቸውን በር ይቆልፋሉ። ጠንከር ያለው ክርክር ሌላ ነው፦ ላፕቶፑ ቢጠፋ ያገኘው ሰው በስሙ ፈልጎ ይመልሳል ይባላል። እውነት ነው፣ ቅን ሰው ሞልቷል። ለእሱ ግን ከላፕቶፑ ስር የተለጠፈ ስልክ ቁጥር ይበቃዋል፤ የአያታችሁን ስም ማወቅ አያስፈልገውም።

የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ጉዳይ ይብሳል፤ እዚያ ፎቶውን የሚያስገባው አይቲ ክፍሉ ነው፣ ሠራተኛው እንዳይቀይረውም ሊዘጋበት ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለባጅ ብላችሁ የሰጣችሁት ጉርድ ፎቶ ስክሪን ላይ ሲወጣ ማን ፈቀደ? ነገ ቢሮ ስትገቡ አይቲዎቹን ጠይቋቸው።