የአንበሳ ስም ኪራይ ይከፈል

በዚህ አገር አንበሳ ያልሆነ ነገር ካለ ጥሩልኝ። ጠዋት አንበሳ አውቶቡስ እንሳፈራለን፤ እግራችን ላይ አንበሳ ጫማ አለ፤ ገንዘባችን አንበሳ ባንክ ተቀምጧል፤ ስንታመም ጥቁር አንበሳ እንሄዳለን። ልጃችን ፈተና ሲያልፍ «አንበሳ!» እንለዋለን፤ ጎረምሳው ተደባድቦ ሲመጣም ያው «አንበሳ!» ነው። አንበሳው ሲሰለቸን ደግሞ ኒያላና ዋልያ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ኢንሹራንሱ፣ ቢራው፣ ብሔራዊ ቡድኑ። ይህን ሁሉ ስም በነጻ የወሰደ ሕዝብ፣ ሆለታ አጠገብ ተጠልለው ያሉትን ሥጋ ለባሽ አንበሶች ማን ይቀልባቸዋል ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም። እኔ ልንገራችሁ፦ እንግሊዞች።

ቦርን ፍሪ የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ማለቴ ነው። ኬንያ ውስጥ ስላደገች አንዲት እንስት አንበሳ በተሠራ ፊልም ላይ የተወኑት ባልና ሚስት፣ ቨርጂኒያ ማኬናና ቢል ትራቨርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የመሠረቱት ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን እንስሳ ኮቴ የተባለውን የዱር እንስሳት መታደጊያ ማዕከል ያቆመው ይኸው ድርጅት ነው። መሬቱ የኛ፣ ሠራተኞቹ የኛ ልጆች፣ እንስሳቱ የኛ። የሥጋው ሂሳብ ሲመጣ ግን የሚከፍለው በየወሩ ጥቂት ፓውንድ የሚያዋጣ፣ ሆለታን በካርታ ላይ እንኳ ፈልጎ የማያገኝ ባዕድ ቤተሰብ ነው። እግዜር ይስጣቸው። እኔን የሚያቃጥለኝ የነሱ መስጠት ሳይሆን የኛ ምንም አለማፈር ነው።

እዚያ ከገቡት አንበሶች መካከል ዶሎ የተባለው አለ። ስሙ የተወሰደው ከተገኘበት ቦታ፣ በሶማሊያ ድንበር ላይ ካለችው ዶሎ ነው። ለዓመታት በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ኖሯል፤ ጎፈሩ ረግፏል። አባቶቻችን ገዳይ ሲሆኑ በራሳቸው ላይ የሚደፉት ያ ጎፈር ከባለቤቱ አንገት ላይ አለቀ ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ለማሰሩስ ማን ያህለናል። ለመፍታቱ ጊዜ ግን ድሩ የት እንደገባ እንጃ።

«ታዲያ ለምን ዱር አይለቁትም?» የሚል አለ። ሁልጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜም ድምፁ ከፍ ያለ ነው። ስማኝ ወንድሜ። አቦ ሸማኔን ለምሳሌ ውሰድ፤ ግልገሉ ከእናቱ ጋር ዓመት ተመንፈቅ ያህል ይቆያል። ሚዳቋን እንዴት እንደሚያደባባት፣ መቼ እንደሚፈተለክ፣ የቱ ጋ አንቆ እንደሚጥላት የሚማረው በነዚያ ወራት ነው። በወር ዕድሜው ተነጥቆ በጆንያ የመጣ ግልገል ይህን የሚያስተምረው የለም። የላም ወተትና ማካሮኒ ይሰጡታል፤ ደግ ጌታ ከገጠመውም አጥንት የሌለው ሥጋ። ካልሲየም ያጣው አጥንቱ እንደ እርጥብ ቀንበጥ ይለምጣል፤ የኋላ እግሩ ይወላገዳል፤ ሲራመድ ወገቡ ይንጠለጠላል። አንበሳውም እንዲሁ ነው፤ በዚያ ላይ ሰውን አይፈራም። ሰው የማይፈራ አንበሳ ከተለቀቀ የሚሄደው ወደ ሰው በረት ነው፤ እዚያ ደግሞ ጥይት ይጠብቀዋል። ኤሊ ሊመለስ ይችላል፤ ጦጣም መንጋ ከተበጀላት ተስፋ አላት። በግልገልነቱ የተነጠቀ አንበሳ ግን ዕድሜ ልኩን የሰው ጥገኛ ነው።

ያ ዕድሜ ልክ ስንት እንደሆነ ሂሳብ እንሥራ። አንበሳ በእንክብካቤ ሥር እስከ 20 ዓመት ይኖራል። በቀን 5 ኪሎ ሥጋ ብንቆርጥለት (ያውም ቆጥበን ነው) በዕድሜው ከ36 ቶን በላይ ይበላል። የአንድ አንበሳ ሂሳብ ነው ይህ። ዛሬ ሥጋ ቤት ገብታችሁ ኪሎው ስንት እንደሆነ ጠይቁና አባዙት። ሐኪሙ፣ መድኃኒቱ፣ አጥሩ፣ ጠባቂው ገና አልተነሡም። አንድ ሰው ግልገል በጥቂት ሺህ ብር ገዝቶ ጓደኞቹን ሲያስደምም የሚፈርመው ይህን ደረሰኝ ነው፤ ከፋዩ ግን ሌላ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ የምጠብቀው ተቃውሞ ይመጣል፦ «ሰው እየተራበ ለአንበሳ?» ይህን የሚለኝ ሰው ብዙውን ጊዜ ፊቱ ያለው ክትፎ አላለቀም። ለተራበው ወገኑ የሰጠ ሰው ይህን ጥያቄ ሲያነሣ እስካሁን አልገጠመኝም፤ የሰጠ ሰው ለሌላውም ይራራል። ለሠርግ ሊሞዚን ስንከራይ፣ ለልደት ርችት ስንተኩስ፣ ረኃብተኛው ትዝ አይለንም፤ ትዝ የሚለን ለእንስሳ አዋጡ ስንባል ብቻ ነው። ደግሞስ ይህ አንበሳ ለምኖ አልመጣም። እናቱን ገድለን፣ አስረን፣ አሽመድምደን ያመጣነው እኛ ነን። እስረኛን መቀለብ የአሳሪው ግዴታ ነው፤ ማንም ምጽዋት ብሎት አያውቅም።

ደግሞ ለአንበሳ ግድ የለንም እንዳትሉኝ። ለነሐሱማ አለን! ለገሃር ፊት ለፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጣሊያን ዘርፎ ሮም አደባባይ ላይ ሲያቆመው ዘርዓይ ደረስ ጎራዴ መዝዞበታል። ሐውልቱ እስኪመለስም አገር ጮኋል። ሕያዋኑስ? እ.ኤ.አ. በ1948 በተመሠረተው በስድስት ኪሎው የአንበሳ ግቢ የደረሰውን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2006 ግቢው ገንዘብና ቦታ አጥቶ ግልገሎችን በመርዝ እየገደለ ሬሳቸውን ለእንስሳት አድራቂዎች እንደሚሸጥ ለዓለም ዜና ወኪሎች ተነገረ። ዓለም ጮኸ፤ እኛ አጉረመረምን፤ ከዚያ ረሳን። ከስድስት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ከዚያው ግቢ የ15 አንበሶችን ዘረ መል መርምረው ከሌሎች ከተጠኑ የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳተሙ። እንግዲህ ያን ጊዜ በመርዝ ያለቀው ምን እንደነበር አስቡት። በገንዘብ እጦት! በዚህች ከተማ የሥጋ ዋጋ የማያሳስበው ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ጥሬ ሥጋ ቤት በር ላይ ቅዳሜ ስንት መኪና እንደሚቆም አውቃለሁ።

ወደ ምሥራቅ እንሂድ፤ የባሰው እዚያ ነው። በዓለም ላይ የቀረው አቦ ሸማኔ 7,100 ያህል ብቻ እንደሆነ ተገምቷል። ከአፍሪካ ቀንድ በየዓመቱ 300 ያህል ግልገል በኮንትሮባንድ እንደሚወጣ የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ያሰላል። መንገዱ የታወቀ ነው፦ ከኛ ሶማሌ ክልል ወደ ሶማሊላንድ ጠረፍ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ባሕረ ሰላጤው። በየመንገዱ የሚሞተው ከሚደርሰው ይበልጣል። አርብቶ አደሩን አልሰድብም። አቦ ሸማኔ ፍየሉን በልታበታለች፤ ካሣ የሚከፍለው የለም፤ ግልገሎቿን አንሥቶ ቢሸጥ ኪሳራውን አካካሰ። የምሰድበው ገዢውን ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 አደገኛ እንስሳትን በግለሰብ ቤት ማኖር በሕግ ከልክሏል፤ ሰዎች አቦ ሸማኔ ይዘው የሚታዩበት ቪዲዮ ግን አሁንም ይዞራል። በዱባይና በሪያድ ያላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ መኪና ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ የተቀመጠ አቦ ሸማኔ ስታዩ ልብ እየሰጣችሁ አታጋሩት። ምናልባት የጅግጅጋ ልጅ ነው፤ የናንተው አገር ሰው።

አገር ቤት ያለነውም አንኩራራ። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ መዝናኛ ቦታ ጦጣ አየሁ። ወገቧ ላይ ገመድ ታስሯል። ገመዱ ያረፈበት ጠጉር ተልጦ ቆዳው ቀልቷል፤ ዝንብ ይዞታል፤ እሷም በአንድ እጇ ዝንቡን እያባረረች በሌላው ሰው የሚሰጣትን ትቀበላለች። አንዱ ቢራ በክዳን እየቀዳ ያጠጣታል፣ ሚስቱ ትቀርጻለች። አስተናጋጁ መጥቶ «ጋሼ፣ አትናከስም፤ ፎቶ ይነሡ እንጂ» አለኝ። ኃላፊውን አስጠራሁት። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ የተከለከለ ነው አልኩት። ሰውዬው አልተቆጣም፤ ፈገግ አለና «ምን እናድርግ፣ ደንበኛ ይወዳታል» አለኝ።

ደንበኛ ይወዳታል! ከዚያ በኋላ ስለ «የሕዝብ ድጋፍ» የሚወራው ወሬ ሁሉ ያስቀኛል። ሕዝቡማ እየደገፈ ነው፤ የሚደግፈው ግን ገመዱን ነው። እንስሳ ኮቴ ውስጥ አንድ ሕሙም ሲገባ፣ ከጀርባው በየመዝናኛው ለፎቶ የተከፈለ ብዙ ብር አለ። ማዕከሉን የጎበኙ ሰዎችም ሲያማርሩ ሰምቻለሁ፦ «ሄጄ አንበሳው ሣር ውስጥ ተኝቶ አላየሁትም፤ ቢያፏጩለት አይነሣም።» አዎ፣ አይነሣም! ዕድሜውን በሙሉ ሰው እያፏጨ ሲቀሰቅሰው የኖረ ፍጡር ነው፤ ሣር ውስጥ መተኛት እንዲችል ነው እዚያ የገባው። እንደ መካነ እንስሳ ትርኢት የሚፈልግ ቤቱ ቴሌቪዥን ይክፈት።

ለተራው ሰው የምለው አጭር ነው፤ ጦጣ የታሰረበት ቤት አትቀመጡ። ያዘዛችሁትን ትታችሁ ተነሡ፣ ለምን እንደተነሣችሁም ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ ከዚያ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ደውሉ። ደንበኛው ካልወደዳት ገመዱ በሳምንት ውስጥ ይፈታል። ኃላፊው ራሱ ነግሮኛል።

ዋናው ንግግሬ ግን ስሙንና ምስሉን ከወሰዱት ጋር ነው። አንበሳን፣ ዋልያን፣ ኒያላን ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉ ባንኮች፣ ፋብሪካዎች፣ ቢራ ጠማቂዎች ለዚህ ስም አምስት ሳንቲም የሚጠይቃቸው ሕግ የለም። ሌላው ዓለም ግን ነገሩን አስቦበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና ማርስ የተባለው ኩባንያ አንድ ፈንድ አቋቁመዋል፤ በማስታወቂያው እንስሳ ያሳየ ኩባንያ ለዚያ ማስታወቂያ ማሰራጫ ከሚያወጣው 0.5 ከመቶውን ለእንስሳት ጥበቃ እንዲሰጥ ነው። ከ200 ብር 1 ብር ማለት ነው። በዚህ የሚከስር ኩባንያ ካለ ድሮም ከስሯል። የኛዎቹ ማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን ስማቸውም፣ ማኅተማቸውም፣ የደረሰኛቸው ራስጌም እንስሳ ነው፤ ስለዚህ 1 ከመቶ ብል አላበዛሁም። ፖስተር ላይ ለመታየት ተብሎ በዓመት አንዴ የሚሰጥ ስጦታ አልፈልግም። የቢሮ ኪራይ እንደሚከፈለው በየወሩ የሚከፈል፣ በበጀት የተያዘ፣ ኦዲተር የሚያየው ገንዘብ ነው የምጠይቀው።

የአዲስ ዓመት ማስታወቂያ ቀረጻ በቅርቡ ይጀመራል። አንበሳው በኮምፒውተር ተሠርቶ ተራራ ላይ ቆሞ ሊያገሳላችሁ ነው። ከዚያ በፊት የመጀመሪያው ክፍያ ሆለታ ይድረስ፤ ከዘገየ ያለፉትን ዓመታት ወለድ ጨምረን እንጠይቃለን።