ክፉ ሐኪም የሚፈልግ ፊልም

«ዘ ቨርዲክት»ን ጠበቃ ካየው የሚስቅበት ቦታ አያጣም። ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ ካየው ግን ሳቁ የሚመጣለት አይመስለኝም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ነው። ራሱ የቦስተን ጠበቃ የነበረው ባሪ ሪድ የደረሰውን ልብ ወለድ ዴቪድ ማሜት ወደ ፊልም ጽሑፍ ለወጠው፤ ሲድኒ ሉሜት ዳይሬክት አደረገው፤ ፖል ኒውማን ደግሞ መጠጥ የጣለውን ጠበቃ ፍራንክ ጋልቪንን ሆኖ ተጫወተ። በሕክምና ቸልተኝነት ላይ የሚያጠነጥን የፍርድ ቤት ፊልም ሲነሳ ዛሬም ቀድሞ የሚጠቀሰው እሱ ነው።

የጠበቃው ሳቅ ምክንያት አለው። ጋልቪን ሆስፒታሉን የምታስተዳድረው ቤተ ክርስቲያን ያቀረበችለትን የ210,000 ዶላር የእርቅ ገንዘብ ደንበኞቹን ሳያማክር ይመልሳል፤ ይህ ብቻውን ፈቃዱን ሊያሳጣው የሚችል ጥፋት ነው። ምስክር ለማግኘት ሲል የሰው ፖስታ ሣጥን ሰብሮ የስልክ ሂሳብ ይወስዳል። ዳኛው የዋናዋን ምስክር ቃል ከመዝገብ አውጥተው ዳኝነት ሰጪዎቹ ዜጎች እንዲረሱት ካዘዙ በኋላ፣ ማስረጃ ተሟጦ ባለቀበት ሰዓት ፍርዱ ለከሳሾች ይሆናል። ይግባኝ የሚባል ነገር መኖሩን ያስታወሰ ሰው ያለ አይመስልም።

ሕክምናው ላይ ግን ፊልሙ አይቀልድም። ለመውለድ የገባችው ሴት ምግብ ከበላች ገና አንድ ሰዓቷ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣታል፣ ፊቷ ላይ ባለው ጭንብል ውስጥ ታስመልሳለች፣ ትንፋሿ ይታፈናል፣ ልቧ ይቆማል፣ አንጎሏ ይጎዳል። ይህ የደራሲ ፈጠራ አይደለም። ሙሉ ማደንዘዣ የጉሮሮን መከላከያ ያስተኛል፤ በሆድ ያለው ምግብና አሲድ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ከርቲስ ሜንደልሰን እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ የኒው ዮርክ ሆስፒታል ከተመዘገቡ 44,016 እርግዝናዎች መካከል ይህ አደጋ የደረሰባቸውን 66 እናቶች ቆጥሯል። «መጨረሻ የበላሽው መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ወግ ለማሟላት የሚጠየቅ አይደለም ማለት ነው።

ጊዜውም ገጥሟል። ፊልሙ በታኅሣሥ ሲወጣ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ የኤቢሲ ቴሌቪዥን «20/20» ፕሮግራም በማደንዘዣ ምክንያት በዓመት 6,000 ሰዎች እንደሚሞቱ ወይም የአንጎል ጉዳት እንደሚደርስባቸው ለአሜሪካውያን ነግሮ ነበር። ሙያው ደነገጠ። እ.ኤ.አ. በ1985 የማደንዘዣ ሕሙማንን ደኅንነት የሚከታተል ተቋም ተመሠረተ። በ1986 ደግሞ የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ አወጣ፤ ማደንዘዣ በሚሰጥበት ጊዜ ሁሉ ብቁ ባለሙያ ከክፍሉ እንዳይለይ፣ ኦክስጅኑ፣ አተነፋፈሱና የደም ዝውውሩ ያለማቋረጥ እንዲታይ የሚያዝ ነው። መመሪያው ክፉ ሐኪም ለማደን አልተነሳም። ደግ ሐኪምም ሊዘነጋ እንደሚችል አምኖ ነው የተጻፈው።

ፊልሙን የማላምነው እዚህ ላይ ነው። ዋናዋ ምስክር፣ ታካሚዋን የተቀበለችው ነርስ፣ ችሎት ቀርባ የሆነውን ትናገራለች፦ ማደንዘዣውን የሰጠው ሐኪም በአምስት አስቸጋሪ ወሊዶች ላይ በተከታታይ ሠርቶ ደክሞት ነበር፤ ከበላች ስንት ሰዓት እንደሆናት የተጻፈበትን የመግቢያ ቅጽ አላነበበም። ቸልተኝነቱ በዚህ አልቋል፤ የሚጨመርበት የለም። ፊልሙ ግን በዚህ አልረካም። ሐኪሙ ነርሷን አስፈራርቶ ቅጹ ላይ ያለውን «1» ሰዓት «9» እንድታደርገው ማዘዝ ነበረበት። ከዚያ በኋላ አዳራሹ የሚፈርደው ባልተነበበው ቅጽ ላይ ሳይሆን በተሰረዘው ቁጥር ላይ ነው። ድካም ማንንም አያስቆጣም፤ ውሸት ያስቆጣል።

ሕጉ ግን ክፋት አይጠይቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ሲያዝ፣ የሚመዝነው ሥራውን እንጂ የልቡን ተንኮል አይደለም። መዝገብ የሚያበላሽ የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ። ነገር ግን ተመልካች በዚህ ዓይነት ፊልም ከተማረ፣ ጉዳት በደረሰበት ቀን የሚፈልገው ጨካኝ ፊት ነው። ሐኪሙ ትሑት ከሆነ፣ አብሮ ካዘነ፣ «የእግዜር ሥራ ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የሃርቫርድ ጥናት ከ51 የኒው ዮርክ ሆስፒታሎች ከ30,000 በላይ የታካሚ መዝገቦችን መርምሮ ነበር። በቸልተኝነት ከደረሱት ጉዳቶች ውስጥ ካሳ የተጠየቀባቸው ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ካሳ ከጠየቁት መካከል ደግሞ ብዙዎቹ መዝገባቸው ሲመረመር ቸልተኝነት አልተገኘበትም። የተጎዳው ዝም ይላል፣ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ለዚህ ፊልምን ብቻ መውቀስ ግፍ ይሆናል፤ ሆኖም ጨካኙን ሐኪም ደጋግሞ በማሳየት ዓይናችን የተሳሳተ ቦታ እንዲያይ ማድረጉን ልክደው አልችልም።

ፊልም ግጭት ይፈልጋል፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያልተነበበ ቅጽ ማን ያያል የሚለኝ ይኖራል። እኔ ግን አያለሁ። ጎበዝ የሆነ፣ ታካሚዎቹ የሚወዱት፣ ጥፋቱንም የማይክድ ሐኪም የሚከሰስበት ፊልም ቢሠራ ከ«ዘ ቨርዲክት» የበለጠ ያስፈራኛል፤ ጥፋተኛው ተቀጣ ብዬ ተረጋግቼ አልወጣማ። የፊልሙ ሐኪም ከሥራ ቢባረር እንኳ በማግስቱ የሚተካው ተረኛም አምስት ምጥ ይጠብቀዋል። ፍርድ ቤቱ ሆስፒታሉን መጠየቅ የነበረበት ስድስተኛዋ ስትመጣ ቅጹን ማን እንዲያነብ መድባችሁ ነበር ብሎ ነው።