የአንድ ወር እንግዶች፦ ከዓረብ ሀገር ለበዓል የሚመለሱ ልጆቻችንና የሁለት ዓመት ጥሪታቸው

ታኅሣሥ ሲጋመስ በገጠሩ አውድማው ሥራ ይበዛበታል። ጤፉ ይወቃል፣ ምርቱ ወደ ጎተራ ይገባል፣ የሠርግ ቀጠሮዎችም ከወዲሁ ይያዛሉ። በዚሁ ሰሞን ከጂዳ፣ ከሪያድ፣ ከኩዌት፣ ከቤይሩትና ከዱባይ የሚነሡ አውሮፕላኖች በርካታ ወጣት ሴቶችን ለገና ወደ ሀገራቸው ያመጣሉ። በፕላስቲክ ተጠቅልለው በገመድ የታሰሩት ሻንጣዎቻቸው ከርቀት ይታወቃሉ። በውስጣቸው ለእናት ነጠላና ብርድ ልብስ፣ ለአባት ጋቢና ጫማ፣ ለታናናሾች ስልክ፣ ለጎረቤት ሽቶና ሳሙና አለ። የሻንጣዋ ባለቤት ስሟ ያልተጻፈበት ዕቃ የያዘችው ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው።

የገና ሰሞን የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ደግሞ ጥር 11 ቀን ስለሚውሉ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት አይሞላም። የአንድ ወር ፈቃድ ያገኘች ሠራተኛ ሁለቱንም በዓላት፣ የጥርን ሠርግና ያመለጣትን ለቅሶ በአንድ ጉዞ ትደርሳለች። በደቡብ ወሎና በከሚሴ አካባቢ የቤተሰብ መገናኛው ትልቁ በዓል ዐረፋ ነው። ይሁን እንጂ ረመዳንና ዒድ በአሠሪዎቹም ቤት እንግዳ የሚበዛበትና ሥራ የሚከብድበት ጊዜ በመሆኑ፣ ለሙስሊም እኅቶቻችን በገዛ በዓላቸው ፈቃድ ማግኘት ብዙ ጊዜ ይከብዳቸዋል።

ፈቃድ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ጠበቅ ያለ ትርጉም አለው። በሳዑዲ ዓረቢያ የቤት ሠራተኛ ውል በአብዛኛው የሁለት ዓመት ሲሆን፣ የአንድ ወር ደመወዝ ያለው ዕረፍት የሚገኘውም ሁለት ዓመቱ ሲሞላ ነው። ወጥቶ ለመመለስ ደግሞ ብዙዎቹ «ኹሩጅ ዐውዳ» የሚሉት የመውጫና የመመለሻ ቪዛ ያስፈልጋል። ይህ ቪዛ የአሠሪው ይሁንታ ያለበት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2013 ዓ.ም. ለግል ድርጅት ሠራተኞች የአሠሪን ፈቃድ ያላላ ማሻሻያ ሥራ ላይ ብታውልም፣ የቤት ሠራተኞች በማሻሻያው አልተካተቱም። ስለዚህ «ለገና እመጣለሁ» ያለች ልጅ ሳትመጣ ብትቀር፣ ቤተሰብ «ጨከነች» ከማለቱ በፊት ቃሉ በእጇ እንዳልነበረ ሊያስብ ይገባል።

ጨርሶ መምጣት የማይችሉም አሉ። በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው፣ የመንን አቋርጠው የገቡ ልጆች ውልም የመኖሪያ ወረቀትም የላቸውም፤ ለእነርሱ መምጣት ማለት ተመልሶ አለመግባት ነው። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ መባረር ሲጀመር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ሀገራቸው ገብተዋል፤ ብዙዎቹም ባዶ እጃቸውን ነበሩ። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉትም ቢሆኑ የተሻለ ነጻነት አላቸው ብሎ መደምደም አይቻልም። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ሸሸሁት ወዳለው ሀገር ቢመለስ ጉዳዩ ሊበላሽበት ይችላል። እናቱን ለዐሥር ዓመት ያላየ ልጅ ሁሉ የረሳት አይደለም። የውጭ ዜግነት ያገኘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት በሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤትም በስሙ ያፈራል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚመለከተው ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የሌላትን የዓረብ ሀገር ተመላሽ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንግባ፤ በበዓሉ ሰሞን በየቤቱ በሹክሹክታ የሚሰላው እርሱ ነውና።

ለስሌት እንዲያመቸን የአንዲት ሠራተኛ ወርኃዊ ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው እንበል። አንድ ዶላር በ3.75 ሪያል የተተመነ ስለሆነ ይህ 267 ዶላር ያህል ነው። የሁለት ዓመቱ ሲደመር 24,000 ሪያል ወይም 6,400 ዶላር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በዚያ ተመን የሁለት ዓመቱ ደመወዝ 365 ሺህ ብር ገደማ ነው። ዛሬ አንድን ዶላር በ130 ብር ብቻ ብናሰላው እንኳ 832 ሺህ ይደርሳል። ቤተሰብም፣ ጎረቤትም፣ አበዳሪም የሚሰማው ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ነው። የልጅቱ ድካም ግን አልጨመረም፤ ያኔም አሁንም የተከፈለው ያው 24 ወር ነው። የበጉ፣ የዘይቱ፣ የሲሚንቶው ዋጋ ደግሞ ባለበት አልቆመም።

ከዚህ ሁሉ ሦስት አራተኛው በየወሩ እየተላከ ለቤት ወጪ፣ ለታናናሾች ትምህርትና ለመሄጃ የተወሰደውን ብድር ለመክፈል ውሏል ብንል፣ ተጓዧ ይዛ የምትመጣው 1,600 ዶላር፣ በተጠቀሰው ተመን 208 ሺህ ብር ነው። ዐሥራ አምስት ዘመዶች እያንዳንዳቸው 5,000 ብር ቢደርሳቸው 75 ሺህ ወጣ። ለበዓሉ ዕርድ፣ ለድግሱና ለስለቱ 60 ሺህ እንያዝ። ለሠርግ ስጦታ፣ ለለቅሶና ለመጓጓዣ 30 ሺህ እንጨምር። የቀረው 43 ሺህ ብር ነው፤ የአንድ ወር ከአንድ ሳምንት ደመወዝ ማለት ነው። በአራት ሳምንታት ውስጥ አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሥራ ተበላ፣ ተሰጠ፣ ተሸኘ።

እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ በየቤቱ ይለያያሉ። አንባቢ የራሱን ቤት ቁጥር ቢያስገባ ግን አቅጣጫው የሚለወጥ አይመስለኝም። ስጦታን በብር ሳይሆን በሥራ ቀን መቁጠር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በዚሁ ስሌት ለአንድ የአጎት ልጅ የሚሰጥ 10 ሺህ ብር ዘጠኝ ቀን ገደማ ማለዳ ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት መጥረግ፣ ማጠብ፣ ልጅ ማዘል ነው። «ዘጠኝ ቀንሽን ስጪኝ» ብሎ አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ ዘመድ ብዙ አይገኝም፤ «ዐሥር ሺህ ለአንቺ ምን አላት?» የሚል ግን አይጠፋም።

ለአርሶ አደሩ ቤተሰብ ደግሞ ከመጠኑ በላይ ጊዜው ወሳኝ ነው። በታኅሣሥና በጥር ጎተራው ሙሉ ነው፤ በሬው የተሻለ ሥጋ ላይ ነው፤ እህል ከዓመቱ ወራት ሁሉ ረከስ ይላል። ገንዘብ የሚቸግረው ከግንቦት እስከ ነሐሴ ነው፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይገዛል፣ ጎተራው እየጎደለ የእህል ዋጋ ይወጣል፣ አራጣ አበዳሪ በር የሚንኳኳውም ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ የልጅቱ ገንዘብ ቤት የሚገባው ቤቱ በማይቸገርበት ወር፣ የሚያልቀውም ከችግሩ ወር አስቀድሞ ነው። በጥር የሚታደለው ግማሹ እንኳ በስሟ ባንክ ተቀምጦ ለሰኔ ቢደርስ፣ ወይም በጥር ዋጋ እህል ተገዝቶ ነቀዝ እንዳይገባው አየር በማያስገባ ከረጢት ቢቀመጥ፣ ቤተሰቡ ከአራጣ ይድናል። ዐረፋን የሚያከብረው ወገናችን በዚህ ረገድ ለጊዜው ዕድለኛ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐረፋ ግንቦት 29 ቀን ውሏል፤ በየዓመቱም ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሳብ፣ ተመላሿ የምትደርሰው አባቷ ለማዳበሪያ በሚጨነቅበት ወቅት ነው።

ከበዓሉ ወጪ የሚበልጠው ጉዳት ግን የሚደርሰው በቤትና በቦታ ላይ ነው። የብዙዎቹ ሕልም በወረዳ ከተማ ወይም በመንገድ ዳር ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት መሥራት ነው። እርሷ ባሕር ማዶ ስለሆነች ቦታው የሚገዛው በወንድም፣ በአባት ወይም በአጎት ስም ይሆናል። ሰላም እስካለ ድረስ ችግር የለም። ወንድም ሲያገባ፣ አባት ሲያርፍ ግን ወራሾች ይመጣሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1195 የባለቤትነት ማረጋገጫ ደብተር የተሰጠው ሰው የማይንቀሳቀሰው ንብረት ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል። ይህን ግምት ማፍረስ ቢቻልም፣ «ገንዘቡን የላክሁት እኔ ነኝ» የምትል ተከራካሪ የሐዋላ ደረሰኟንና ምስክሮቿን ይዛ ረጅም መንገድ መጓዝ ይጠብቃታል። ያውም የአንድ ወር ፈቃዷ ሳያልቅ።

ከከተማ ዳር የእርሻ መሬት ላይ ቆርሰው የሚሸጡላት ሰዎች ጉዳይ የባሰ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ሦስት ሽማግሌ ተቀምጦ የተፈረመ የመንደር ውል የመሬት ሽያጭን ሕጋዊ አያደርገውም። ቤቱ ቢፈርስ ካሣ የሚጠየቅበት መሠረት አይኖርም፤ ሻጩም ገንዘቡን በልቶታል። ገዥዋ የምታውቀው ነገር ቢኖር የላኩላትን ፎቶ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በቤተሰብ ላይ መጫን አግባብ አይሆንም፤ ዋናው ምክንያት በሕጋዊ መንገድ ቦታ ማግኘት ለተርታው ነዋሪም ቢሆን አስቸጋሪ መሆኑ ነው። የወረዳና የከተማ አስተዳደሮች ለተመላሾች በበዓሉ ሰሞን የሚያዘጋጁት የአቀባበል መድረክ መልካም ነው። ከመድረኩ ጎን ስለ ቦታ፣ ስለ ሰነድና ስለ ቁጠባ የሚያስረዳ አንድ ባለሙያ ቢቀመጥ ደግሞ ከዘፈኑ የበለጠ ይጠቅማት ነበር።

ውክልናም ሌላው መዘዝ ነው። ባሕር ማዶ ሆና ውክልና ለመስጠት ወደ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ መሄድ፣ ሰነዱም እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። አሠሪዋ ከቤት ለማያስወጣት ሠራተኛ ይህ የማይታሰብ ስለሆነ፣ ውክልና የምትሰጠው በዚያች አንድ ወር፣ በጥድፊያ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ተወካይ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል። ነገር ግን «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» የሚለው ሐረግ በቅጽነት ከሚያገለግሉ ጽሑፎች እየተገለበጠ ሳይነበብ ይፈረምበታል። ቤት አሠርቶ እንዲያስተዳድር ብቻ የፈለገችው ወንድም በዚያች ሐረግ የመሸጥ ሥልጣን ያገኛል። ሐረጉን ማስወጣት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ውክልናንም በማናቸውም ጊዜ መሻር መብቷ ነው።

የበዓሉ ገበያ ለከተማው ነዋሪ የራሱ በረከትና ሕመም አለው። ባለ ሆቴሉ፣ ባለ ባጃጁ፣ በግ ነጋዴው፣ ፀጉር ሠሪዋ በዚህ ወር የሚያገኙት ለሌሎቹ ወራት ይደግፋቸዋል፤ ደመወዝተኛው ደግሞ ዶሮ በዓረብ ሀገር ዋጋ ተጠየቅሁ ይላል። ባለፉት ዓመታት በክልላችን የተከሠተው የሰላም እጦት ግን ይህንንም ገበያ አሳስቶታል። የመንገዱ ነገር ያስፈራት ተመላሽ አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራይታ እናቷን ወደዚያ ታስመጣለች። ገናን በላሊበላ፣ ጥምቀትን በጎንደር ታሳልፍ የነበረችው ልጅ ገንዘቧን የምታወጣው ሌላ ቦታ ነው፤ የገጠሩ ቤት የቀረው አባትና ከብቱ ብቻ ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚዘነጋው የልጅቱ የራሷ ሁኔታ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በቂ እንቅልፍ ያላገኘች፣ ወገቧን የምታመም፣ የደረሰባትን ለእናቷም ያልነገረች ልጅ ቤቷ ገብታ ሦስተኛው ቀን ላይ እንግዳ ትቀበላለች፤ ቡና ትጠጣለች፣ ትስቃለች፣ ትሰጣለች። ሐኪም ቤት ለመሄድ ቀን አይገኝም። «ደግሞ መቼ ትመለሻለሽ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ሻንጣዋ ሳይፈታ ነው። መመለስ ትፈልግ እንደሆነ የሚጠይቃት ሰው ካለ ብዙ ጊዜ አያቷ ናቸው።

ልትመለስ ከወሰነች ቢያንስ የውሏን ቅጂ ቤተሰብ ይያዝ፤ የአሠሪው ስልክና አድራሻ ይታወቅ። የውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የደርሶ መልስ መጓጓዣን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ የመድን ሽፋንንም የሚከፍለው አሠሪው መሆኑን ይደነግጋል፤ ስለዚህ ለቲኬት ብላ ከቀረችው 43 ሺህ ብር ላይ ማውጣት አይገባትም። ልትቀር ከወሰነች ደግሞ ውሳኔው መነገር ያለበት በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገንዘቡ ገና በእጇ ሳለ ነው። ዶሮ ማርባትም ሆነ ሱቅ መክፈት በ208 ሺህ ብር ይጀመራል፤ በ43 ሺህ ግን አይጀመርም። በአራተኛው ሳምንት የሚነሣው ጥያቄ አስቀድሞ መልስ ያገኘ ነው፤ ሻንጣዋ ባዶውን በር ላይ ቆሟል፤ እናትም ሽሮውንና በርበሬውን እየቋጠሩላት ነው።