ባልቦላው የሚጠብቀው ማንን ነው?

በዚህች ጋዜጣችን ስለ ዓለም ሁኔታ ብዙ ተጽፏል፤ ከተማሪው ራስ በላይ ስለተዘረጋው ሽቦ ግን የጻፈ የለም። ከግቢ ውጭ ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ነገሩን እናውቀዋለን። ባለቤቱ ከጓሮ ሦስት አራት ክፍል ይሠራና ከዋናው ቤት ወፍራም ሽቦ ላይ ቀጭን ሽቦ ቀጥሎ፣ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ አንጠልጥሎ ይወስዳል። መቀጠያው ላይ ባልቦላ የለም። ለምን ቢባል «ቆጣሪው ሥር አለ፤ ሌላው ምን ያደርጋል?» ይላል።

ይህ መልስ ከመሠረቱ ስሕተት ነው እንላለን። ባልቦላ፣ ወይም ዛሬ የተተካው ብሬከር፣ ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ የሚመረጠውም በሽቦው ልክ ነው። ቆጣሪው ሥር ያለው ባለ 40 አምፔር የሚያውቀው ወፍራሙን ብቻ ነው። ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ግን በተለመደው አዘረጋግ የሚችለው 16 አምፔር ያህል ነው። አንዲት ተከራይ ባለ 3500 ዋት ምጣድ ብትጥድ፣ ሌሎች ሁለት ባለ 1800 ዋት ምድጃ ቢለኩሱ፣ በ220 ቮልት 32 አምፔር ይሆናል። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ነው። ብሬከሩ ግን ዝም! ለእርሱ 32 ከ40 በታች ነዋ።

የምህንድስና ጓደኞቻችን «የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ መነሻው ላይ ባልቦላ የሌለው ቅጥያ ይፈቅዳል» ብለው ይከራከሩናል። እውነት ነው። ርዝመቱ ከ7.5 ሜትር ካልበለጠ፣ የዋናውን ባልቦላ ሲሶ የሚችል ሽቦ ይበቃል፤ 16 ደግሞ ከ40 ሲሶ ይበልጣል። ነገር ግን ያው ደንብ ቅጥያው ከጉዳት ተከልሎ እንዲሄድ፣ ጫፉ በአቅሙ ልክ በሆነ አንድ ብሬከር እንዲያልቅ፣ ከቅጥያ ላይም ሌላ ቅጥያ እንዳይወጣ ያዛል። የጓሮው ቅጥያ 20 ሜትር ይሄዳል፤ ጫፉ ሶኬት ብቻ ነው፤ ከእርሱም ላይ ለዘበኛው ክፍል ሌላ ተቀጥሏል። ዓለም አቀፉ ደንብማ ከ3 ሜትር አያሳልፍም፤ ያውም በአጠገቡ ተቀጣጣይ ነገር ከሌለ ነው። የክፍሎቻችን ኮርኒስ የማዳበሪያ ጆንያ መሆኑን ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ስለዚህ ማኅበራችን ለአዲስ ተማሪዎች የኪራይ ቤት ሲጠቁም፣ ስለ ውሃው እንደሚጠይቅ ሁሉ ስለ መቀጠያውም ይጠይቅ። መቀጠያው ላይ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይግባ፤ ባለቤቱ እምቢ ካለ ተከራዮች እናዋጣ። እርግጥ ምጣዱና ምድጃው ባንድነት አይሠሩም፤ ተራ መጠበቅ ይኖራል። በጠፋ ቁጥርም በትልቅ ብሬከር እንለውጠው የሚል አይጠፋምና ከወዲሁ እምቢ ይባል። ሥራውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው እንጂ ሁለተኛ ዓመት የደረሰ መሐንዲስ አይንካው።