ብሔራዊ ውትድርና፦ ግዴታው የማን፣ ሸክሙስ በማን ጫንቃ ላይ?

አገርን ከጥቃት መከላከል የማንኛውም ኅብረተሰብ ቀዳሚ ተግባር መሆኑ አሌ የማይባል ሐቅ ነው። ዳር ድንበሩን ለማስከበር ያልቻለ ሕዝብ ማሳውን አርሶ፣ ፋብሪካውን አንቀሳቅሶ፣ ልጆቹን አስተምሮ ለመኖር ዋስትና አይኖረውም። ሆኖም አገር መጠበቅ አለበት በሚለው ላይ ስምምነት ስላለ ብቻ፣ በምን ዓይነት ሠራዊት፣ በማን ልጆችና በማን ውሳኔ ይጠበቅ ለሚለው ጥያቄ መልስ ተገኝቷል ማለት አይደለም። በዛሬው ሐተታችን የምንመረምረውም ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ወጣቱ ትውልድ በሕግ ተገዶ የውትድርና አገልግሎት እንዲሰጥ መደረግ ይገባዋልን? የሚለውን።

ጥያቄው ጊዜው ያለፈበት ይመስል የነበረበት ወቅት ነበር። የቀዝቃዛው ጦርነት ካከተመ በኋላ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ ግዴታውን ለማንሳት ወሰነች። ስዊድን በ2010፣ ጀርመንም በ2011 ተከተሏት። ሩሲያ በ2014 ክሪሚያን ከያዘችና በ2022 በዩክሬን ላይ ሙሉ ወረራ ከከፈተች ወዲህ ግን ነፋሱ አቅጣጫውን ለወጠ። ሊቱዌንያ በ2015 ግዴታውን መለሰች፤ ስዊድን በ2017 ወስና በማግሥቱ ዓመት ወንዱንም ሴቱንም መጥራት ጀመረች፤ ላትቪያ በ2023 ሕግ አወጣች፤ ዴንማርክ በ2025 ሴቶችን በዕጣው ውስጥ አስገባች። ጀርመንም በዚያው ዓመት ማብቂያ ምልመላው በፈቃደኝነት እንደሆነ ይቀጥል ብላ፣ 18 ዓመት የሞላው ወንድ ሁሉ ስለ ብቃቱና ስለ ፍላጎቱ የሚቀርብለትን መጠይቅ እንዲሞላ የሚያስገድድ ሕግ አጸደቀች። እንግዲህ ጉዳዩ የታሪክ መዝገብ ሳይሆን የዕለቱ አጀንዳ ነው ማለት ነው።

የማንኛውንም ተቋም ምንነት ለመረዳት አመጣጡን መመርመር ያስፈልጋል። የዘመናዊው ብሔራዊ ውትድርና አባት የፈረንሳይ አብዮት ነው። በነሐሴ ወር 1793 እ.ኤ.አ. አብዮቱ ከየአቅጣጫው በነገሥታት ጦር በተከበበ ጊዜ መላው ሕዝብ ለአገሩ መከላከያ እንዲነሣ ታወጀ። በ1798 ደግሞ ከ20 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች በመደበኛነት እንዲመዘገቡ ሕግ ወጣ። ሐሳቡ በጊዜው ተራማጅ ነበር፤ ቀድሞ የንጉሥ ተቀጣሪ የነበረው ወታደር የአገሩ ባለቤት የሆነ ዜጋ ሆኖ እንዲዋጋ ያደረገ ነውና። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ባለጸጋው በገንዘቡ ምትክ ሰው ገዝቶ የሚልክበት በር ተከፈተ። «የሁሉም» የተባለው ግዴታ ጫማ ሰፊውና ጭሰኛው ብቻ የሚሸከመው ሆነ።

ይህ የፈረንሳይ ብቻ ጉድለት አልነበረም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1863 የወጣው የምልመላ ሕግ 300 ዶላር የከፈለ ሰው ከግዳጁ እንዲቀር ፈቅዶ ነበር። በቬትናም ጦርነትም ወቅት ኮሌጅ የገባ ወጣት ጥሪው ይተላለፍለት ስለነበር፣ ኮሌጅ ለመግባት አቅም ያነሰው የሠራተኛው ልጅ ወደ ጫካው ተላከ። በ1969 ዕጣ እንዲወጣ የተደረገው ከዚህ የተነሣው ቅሬታ ከበረታ በኋላ ነው። ግዳጁ በ1973 ቢቆምም፣ በ1980 ዳግም የተጀመረው የምዝገባ ግዴታ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 25 የሆኑ ወንዶችን፣ በዚያች አገር በስደት የሚኖሩ የእኛን ልጆች ጭምር፣ የሚመለከት ነው። በመሆኑም ጉዳዩ በውጭ ያለውንም ወገናችንን ይነካል።

የግዴታ ውትድርና ደጋፊዎች የሚያነሡት አንድ ክብደት ያለው መከራከሪያ አለ። ሠራዊቱ በፈቃደኞች ብቻ ከተገነባ ድህነት ራሱ መልማይ ይሆናል፤ ሥራ ያጣው የድሃ ልጅ ለደመወዝ ሲል ይዘምታል፤ ጦርነት የሚያውጁት ሰዎች ልጆች ግን በሰላም ይማራሉ፤ ስለዚህ ጦርነት ማወጅ ቀላል ይሆናል ይላሉ። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» እንዲሉ፣ የራስ ልጅ በሌለበት ግንባር መፎከር አይከብድም። ይህን አባባል አናጣጥለውም። ፈረንሳዊው ሶሻሊስት ዣን ዦሬስም በ1911 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሕዝቡ ራሱ አጭር ሥልጠና ወስዶ ለመከላከል ብቻ የሚነሣበት የዜጎች ሠራዊት እንዲመሠረት በዚሁ መንፈስ ተከራክሯል። ነገር ግን ዦሬስ በሐምሌ 31 ቀን 1914 በጥይት ተገደለ፤ በቀናት ውስጥም በግዴታ የተመለመሉት የአውሮፓ ታላላቅ ሠራዊቶች እርስ በርሳቸው ተላለቁ። የሁሉም ቤት ልጅ መጠራቱ ብቻውን ጦርነትን አያግድም። የሚያግደው ጥሪውን በሚያስተላልፈው አካል ላይ ሕዝቡ ያለው ቁጥጥር ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ክተት የሚለው ቃል በሕዝባችን ዘንድ ሥር የሰደደ ትርጉም አለው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ገበሬ ስንቁን ራሱ ቋጥሮ፣ ወራሪው ማን እንደሆነና ለምን እንደሚዘምት አውቆ የተነሣ ነው። ይህን ስንል የዚያን ዘመን ሥርዓት ለማሞገስ አይደለም፤ ገባሩ ዘማቹን ለመቀለብ የተሸከመውን ቀንበር እናውቃለንና። ለማለት የምንፈልገው ክተት ለታወቀ አደጋ የሚሰጥ ምላሽ እንጂ፣ በየዓመቱ የሚሰበሰብ የሰው ግብር አለመሆኑን ነው።

የሰው ግብር መልክ የያዘው ኋላ ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ በተጠባባቂነት እንዲቆይ ደነገገ። በወረቀት ላይ ሲነበብ ግዴታው የሁሉም ነበር። በተግባር ግን ለየቀበሌውና ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ተደለደለ። ኮታው ያልሞላለት ሹም ወጣቱን ከገበያና ከመንገድ ማፈስ ያዘ፤ «አፈሳ» የሚለው ቃልም በእናቶች ጆሮ እንደ ወረርሽኝ ስም ይሰማ ጀመር። ገንዘብና ዘመድ ያለው ልጁን ሲያሸሽ፣ የሌለው ልጁን በጎተራና በጫካ ደበቀ። ለእርሻ የሚያስፈልገው ክንድ ከማሳው ተነቀለ።

ውጤቱስ ምን ሆነ? ሠራዊቱ በቁጥር ከ4 መቶ ሺህ በላይ ደረሰ፤ ከሰሐራ በስተደቡብ ካሉት ሁሉ ከታላላቆቹ አንዱ ተባለ። ነገር ግን በመጋቢት 1980 በአፍአበት ከባድ ሽንፈት ደረሰበት። በግንቦት 13 ቀን 1983 የአገሪቱ መሪ ከአገር ሲወጡ፣ ሳምንት ሳይሞላ ሠራዊቱ ፈረሰ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ ሌሎችም በየመንገዱ የዕለት ጉርስ ለመለመን ተገደዱ። ከዚህ ጥፋት አንዱም የወታደሩ አይደለም። ብዙዎቹ በጀግንነት ተዋግተው ወድቀዋል። ጥፋቱ የፖለቲካ መፍትሔ የሚሻውን የውስጥ ቅራኔ በወጣት ብዛት ለመፍታት የተሞከረበት ስልት ነው። ፈቃድ የሌለበት ብዛት ኃይል አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አናገኝም።

ሁለተኛው ትምህርት ከጎረቤታችን ከኤርትራ የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አዋጅ አገልግሎቱን 18 ወር ብቻ አድርጎ ነበር፤ ስድስቱ ለሥልጠና፣ አሥራ ሁለቱ ለሥራ። ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ ግን ገደቡ ተነሣ፤ ብዙዎች በሃያዎቹ ገብተው በአርባዎቹም አልወጡም። በእምነታቸው ምክንያት መሣሪያ አናነሣም ያሉት የይሖዋ ምሥክሮች ደግሞ በ1994 ዜግነታቸውን ተነጥቀዋል። የ2018ቱ የሰላም ስምምነት እንኳ ይህን ሥርዓት አልለወጠውም። ወጣቱ በረሃና ባሕር እያቋረጠ የተሰደደበት አንዱ ዐቢይ ምክንያት ይኸው ነው። ማብቂያው ያልታወቀ ግዴታ አገልግሎት መሆኑ ቀርቶ ግዞት ይሆናል።

«ውትድርና ልዩ ልዩ ሕዝቦችን አንድ ያደርጋል» የሚለውን መከራከሪያ የሚያነሡ ሰዎች ደግሞ እስራኤልን በምሳሌነት ይጠቅሳሉ። በእርግጥ ከአገራችን የሄዱት የቤተ እስራኤል ልጆች ከሌሎቹ ጎን ተሰልፈው ያገለግላሉ። ሆኖም በ2015 የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በፖሊስ የተደበደበው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር ምስል በተሰራጨ ጊዜ፣ ወጣቶቹ በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ አደባባይ ወጥተው እኩልነታቸውን ጠይቀዋል። በሌላ በኩል ለሃይማኖት ተማሪዎች ለአሠርት ዓመታት የቆየው ነጻ መደረግ አገሪቱን ሲያከራክር ኖሮ፣ በሰኔ 2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያለ ሕግ ሊቀጥል አይችልም ብሎ ወስኗል። ከዚህ ለመገንዘብ እንደሚቻለው፣ እኩል ግዴታ እኩል መብትን በራሱ አይወልድም፤ አንዱ ወገን ነጻ የሆነበት ግዴታም አንድነትን አያጠናክርም።

ወጣቱ አገሩን እንዲያውቅና ለአገሩ እንዲሠራ ከተፈለገ፣ ጠመንጃ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ማገልገላቸው፣ ብዙዎቹ የገጠሩን ሕዝብ ኑሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይናቸው እንዲያዩ አድርጓል። በ1967 የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻም ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። ይህኛው እንኳ ያለፈተና አላለፈም፤ ዘማቾቹ ከባላባቱና ከመንግሥት አካላት ጋር ተጋጭተዋል፤ ብዙዎችም ግዳጃቸውን ጥለው ወጥተዋል። ያም ሆኖ ፊደል ቆጥሮ የወጣ ገበሬ ትዝታው አልጠፋም።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለውና በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንም ሰው በግዴታ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። በዚያው አንቀጽ ኅሊናው የማይፈቅድለት ሰው በውትድርና ምትክ የሚሰጠው አገልግሎት የግዴታ ሥራ እንደማይባል ይገልጻል። ሕጉ የውትድርና ግዴታ ሊኖር እንደሚችል ታሳቢ ቢያደርግም፣ የኅሊናን መብት አብሮ አስቀምጧል ማለት ነው። ነገር ግን ወጣቱን በየመንገዱ መያዝ ግልጽ የሕግ ግዴታ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር በኦሮሚያ ክልል አንዳንድ ከተሞች ሰዎች፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ጭምር፣ ለምልመላ ያለፈቃዳቸው ተይዘው እንደነበርና ለማስለቀቅም ገንዘብ ይጠየቅ እንደነበር አስታውቋል። አፈሳን የሚያስታውስ ትውልድ ይህን ሲሰማ ዝም ሊል አይገባውም።

እንግዲህ አቋማችንን ግልጽ እናድርግ። በሰላም ጊዜ ወጣቱ ላይ የውትድርና ግዴታ መጣል አይገባም፤ በእርስ በርስ ግጭት ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይገባም፤ ወንድምን በወንድም ላይ በግድ ማሰለፍ ቅራኔን ያራዝማል እንጂ አይፈታምና። የውጭ ወረራ ቢደርስና ግዴታ የግድ ቢሆን ግን የሚከተሉት ሊሟሉ ይገባል። አንደኛ፣ ውሳኔው ሕዝብ በመረጣቸው ተወካዮች በይፋ ተከራክሮ የጸደቀ ሕግ ይሁን። ሁለተኛ፣ የአገልግሎቱ ዘመን በቁጥር ተወስኖ፣ በሹም ትእዛዝ የማይራዘም ይሁን። ሦስተኛ፣ ምርጫው በቀበሌ ሹም ኮታ ሳይሆን በሕዝብ ፊት በሚወጣ ዕጣ ይሁን፤ የሚኒስትሩ ልጅና የሊስትሮው ልጅ በአንድ ሣጥን ውስጥ ይግቡ። አራተኛ፣ በእምነቱ ምክንያት መሣሪያ የማያነሣ ሰው በጤና ጣቢያ፣ በትምህርት ቤት ወይም በደን ልማት ያገልግል። አምስተኛ፣ የቆሰለውና የተመለሰው ወታደር መቋቋሚያ ከመዝመቱ በፊት በሕግ የተረጋገጠ ይሁን፤ የ1983ቱ ወታደር በመንገድ ዳር የቆመበት ሁኔታ ዳግም አይታይ።

ከእነዚህ አንዱ የጎደለ እንደሆነ፣ ግዴታው ብሔራዊ የሚለውን ስም ሊሸከም አይችልም። አገር የሁሉም ከሆነች ሸክሟም የሁሉም ነው፤ ሸክሙን የሚሸከም ወጣትም ለምን እንደሚሸከም የመጠየቅና መልስ የማግኘት መብት አለው። ይህን መብት ያከበረ መንግሥት፣ የክተት ቀን በመጣ ጊዜ ወጣቱን ፍለጋ ወደ ገበያ መውጣት አያስፈልገውም።