ለነቀለም ላዳነም አንድ ደመወዝ

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ ብዙ የተወራው ስለ ደመወዝ ማነስ ነበር። የጥርስ ሐኪሙን ነገር ግን ጭማሪ ብቻውን አይፈታውም። ጥርስ መንቀል ብዙ ጊዜ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ማዳን ግን የተበላውን ቦርቡሮ ማጽዳት፣ ሥሩ ከተጎዳ ሩት ካናል መሥራት፣ መሙላት፣ ሽፋን ማልበስ አለው፤ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቀጠሮ ይፈጃል። በመንግሥት ሆስፒታል የወር ደመወዙ ለሁለቱም ያው ነው! መሙያው ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋውን አስቡት። ስለዚህ ሐኪሙ የተማረውን የማዳን ሙያ ማታ በግል ክሊኒክ፣ መክፈል ለሚችል ይሠራበታል። ድሃው ቀን መጥቶ አስነቅሎ ይሄዳል። ደመወዙ ይጨመር፤ ለዳነ ጥርስ የሚታሰብ ክፍያና የመሙያ በጀትም ይያዝ። ሆስፒታሎችም በዓመት ስንት ነቀሉ፣ ስንት ሞሉ የሚለውን ለይተው ያሳውቁን።