የአርጀንቲና ፈረሶችና የእኛ የክትባት ወቅት

በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ አርጀንቲና በምትገኘው ኮሪየንቴስ ክፍለ ግዛት ፈረሶች እየተንገዳገዱ ይወድቁ ጀመር። ምርመራው ምክንያቱ በቢንቢ የሚተላለፍ፣ አንጎልን የሚያስቆጣ ቫይረስ መሆኑን አረጋገጠ። በሽታው በሳምንታት ውስጥ ወደ ሌሎች ክፍለ ግዛቶችና ወደ ጎረቤት ኡራጓይ ተዛመተ። በአርጀንቲና ከ100 በላይ ሰዎች ተይዘው 12ቱ ሞቱ።

ቫይረሱ ለአገሪቱ አዲስ አልነበረም፤ ክትባትም አለው። ይሁን እንጂ በሽታው ለረጅም ዓመታት ስላልታየ፣ ከወረርሽኙ ሰባት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ፈረስን ማስከተብ ግዴታ መሆኑ ቀርቶ ለባለቤቱ ፈቃድ ተተወ። ወረርሽኙ ከገባ በኋላ ግዴታው ተመለሰ። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ፈረስ በሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ መወጋት አለበት። ቢንቢ ያን ያህል አትታገስም።

ቫይረሱ የሚዘዋወረው በወፎችና በቢንቢ መካከል ነው። በታመመ ፈረስ ደም ውስጥ ያለው መጠን አነስተኛ በመሆኑ ቢንቢ ከፈረስ ወስዳ ለሰው አታደርስም። ስለዚህ የታመመውን ፈረስ ማባረር በሽታውን አያቆመውም፤ ፈረሱ የአደጋው ምልክት እንጂ ምንጭ አይደለም።

ይህ ቫይረስ የአሜሪካ አህጉር ነው። የእኛን የጋማ ከብት የሚያሰጋው በዋናነት የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ነው። እሱ የሚያጠቃው ሳንባንና ልብን ነው፤ ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ያብጣል፣ ከአፍንጫ አረፋ ይወጣል። ወደ ሰው አይተላለፍም። አስተላላፊዎቹ ከቢንቢ የሚያንሱ፣ ከምሽት እስከ ንጋት የሚናከሱ ጥቃቅን ዝንቦች ናቸው። የሚበረታውም ክረምቱ ሲወጣ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል።

ታዲያ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የክትባት ጥያቄውን የሚያቀርበው ፈረስ መሞት ከጀመረ በኋላ ከሆነ የአርጀንቲናን መንገድ እየደገመ ነው። «አምና አልታየም» የሚለውም ዕቅድ ለመቀነስ በቂ ምክንያት አይሆንም፤ ያልታየው ስለተከተበ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ዝናቡ ሳይከብድ መቅረብ፣ የጋሪ ፈረሶችም በዝርዝሩ መግባት አለባቸው። እነሱ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስለሚውሉ በክትባት ቀን ይቀራሉ።

አርሶ አደሩ ፈረሱን ማታ ማታ ቤት ቢያሳድር ንክሻው ይቀንሳል። የሚንገዳገድ ወይም መዋጥ ያቃተው የጋማ ከብት ካጋጠመው ግን እጁን አፉ ውስጥ አያስገባ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቅ።